የድሮ የወታደር ልብስን ከብል ለማዳን የትኛው መንገድ ይሻላል?

ቤታችሁ የአያት የክቡር ዘበኛ ኮት አለ እንበል። ወይም ኮርያ የዘመተ የቃኘው ሻለቃ አባል ለብሶት የተመለሰ የሱፍ ጃኬት። ወይም እንደ እኔ የድሮ ዩኒፎርም መሰብሰብ ትወዳላችሁ፤ ከቸርችል ጎዳና ሱቆችም፣ ከመርካቶም፣ ከሰው እጅም ያገኛችሁትን ታስቀምጣላችሁ። ሁላችንም የምንፈራው አንድ ነገር ነው፤ ብል።

ብዙ ሰው የሚያደርገው ይታወቃል። ናፍታሊን ኪሱ ውስጥ ጣል ያደርጋል፣ ሻንጣውን ይዘጋል፣ አልጋ ሥር ይገፋዋል። ከዓመታት በኋላ ሲከፍተው ኮሌታው ወንፊት ሆኖ ያገኘዋል። በጣም ያሳዝናል፤ ምክንያቱም እነዚህ ልብሶች ምትክ የላቸውም። የመጀመሪያው ቃኘው ሻለቃ ከአዲስ አበባ የተነሳው ሚያዝያ 1943 ዓ.ም. ነው። የዚያ ዘመን አንድ ጃኬት ከጠፋ ጠፋ ነው።

ስለዚህ ያሉትን አማራጮች ጎን ለጎን አድርጌ የቱ ለምን እንደሚሻል ልናገር። አቋሜን ከአሁኑ እወቁት። ብልን ሽታ አያቆመውም። የሚያቆመው ንጽሕና፣ ኃይለኛ ቅዝቃዜና በደንብ የሚዘጋ ዕቃ ነው።

አማራጮቹን ስናወዳድር ሦስት ሥራዎችን መለየት አለብን። አንዱ ልብሱ ውስጥ ያለውን ብል መግደል ነው። ሌላው አዲስ እንዳይገባ መከልከል ነው። ሦስተኛው ገብቶ ከሆነ ቶሎ ማወቅ ነው። ሦስቱንም የሚሠራ አንድ ዘዴ የለም። ገንዘብ የሚባክነው ለመከልከል የተሠራውን ለመግደል ስንጠቀምበት ነው።

የሚበላው ማን ነው?

ልብሱን የሚበላው የምትበረው ትንሽ ቢራቢሮ መሰል ነፍሳት አይደለችም። እሷ ክንፍ ካወጣች በኋላ ምንም አትበላም። የሚበላው እጩ፣ ማለትም ከእንቁላሉ የሚፈለፈለው ትል ነው። እናቲቱ 40፣ 50 አንዳንዴም ከዚያ በላይ እንቁላል ትጥላለች። እንቁላሉ ከጨው ቅንጣት ያንሳል። ቤቱ ሞቅ ካለ ከሳምንት እስከ ዐሥር ቀን ባለው ጊዜ ይፈለፈላል። እጩ ከተመቸው በሁለት ወር ገደማ ያድጋል፤ ካልተመቸው ግን እስከ ሁለት ዓመት ሊቆይ ይችላል። ይህን ልብ በሉ። ለጥቂት ወራት ምንም ምልክት አላየሁም ማለት ልብሱ ነጻ ነው ማለት አይደለም።

ማታ አምፖል ዙሪያ የሚሽከረከሩትን የእሳት እራቶች አትጠርጥሩ። የልብስ ብል ብርሃን ይሸሻል። ቁም ሳጥኑን ስትከፍቱ ወደ ጨለማው ጥግ የምትሮጥ፣ ወርቃማ ክንፍ ያላት፣ ርዝመቷ ከአንድ ሳንቲ ሜትር የማይሞላ ካያችሁ እሷ ናት።

የሚፈልገው ምግብ ሱፍ፣ ፀጉርና ላባ ነው። ሐርም አይቀርለትም። በክብር ሰልፍ የሚደረገው የአንበሳ ጎፈር ያለው ባርኔጣ ለብል ትልቅ ድግስ ነው። የጥጥ ካኪና የጥጥ ፋቲግ ግን ላብ ወይም የምግብ ነጠብጣብ ካልነካው ብዙም አይደፈርም። ስለዚህ ጥበቃችሁን ከሱፉ ጀምሩ። ሱፍ ይሁን ጥጥ ካልለያችሁት ከውስጥ ስፌቱ የላላች አንዲት ክር ወስዳችሁ ከልብሱ ራቅ ብላችሁ አቃጥሏት። የተቃጠለ ፀጉር ከሸተተ ከእንስሳ የተገኘ ነው።

አሁን ልብሱን መስኮት አጠገብ አምጡት። ኮሌታውን ገልብጡ። ብብቱን፣ የትከሻ ማዕረጉን ሥር፣ የኪሱን ክዳንና የገበሩን ጠርዝ በእጅ ባትሪ ፈትሹ። አሸዋ የመሰለ ደቃቅ ፍርፋሪ ካያችሁ ቀለሙን ተመልከቱ። የእጩ ኩስ የበላውን ጨርቅ ቀለም ይይዛል፤ ካኪ ከበላ ካኪ፣ ቀይ ጌጡን ከበላ ቀይ ይሆናል። አንዱ የብል ዓይነት ደግሞ ከዚያው ከበላው ክር ትንሽ ቱቦ ሠርቶ ውስጧ ይኖራል፤ ሲንቀሳቀስም ይዟት ይሄዳል። ቱቦዋ ከጨርቁ ጋር ስለምትመሳሰል ዓይን በቀላሉ ያልፋታል።

ድር ወይም ቱቦ ሳይኖር ፀጉራም የሆነ የተጣለ ቆዳ ብቻ ካገኛችሁ ጠላታችሁ ሌላ ነው። ይህ የምንጣፍ ጥንዚዛ የሚባለው ነው። የእሱም እጭ ሱፍ ይበላል። የጎለመሰው ጥንዚዛ ግን አበባ ይወዳል፤ ብዙ ጊዜ የሚታየው መስኮት ላይ ነው። ከታች የማነሳቸው የመግደያ መንገዶች ለሁለቱም ይሠራሉ። የብል ወጥመድ ግን ጥንዚዛውን አይዝም።

ናፍታሊን

ርካሽ ነው፣ የትም ይገኛል፣ እናቶቻችንም ሲጠቀሙበት ኖረዋል። ይሠራል ወይ? አዎ፣ ግን ጢም ብሎ በተዘጋ ዕቃ ውስጥ፣ ትነቱ ሲጠራቀም ብቻ። በየቀኑ በሚከፈት ቁም ሳጥን ውስጥ የተንጠለጠሉ ሁለት ሦስት እንክብሎች ቤቱን ከማሸተት በቀር እጩን አይገድሉም።

ችግሩ ትነቱ ለመግደል የሚበቃውን ያህል ሲሆን ለልብሱም ለሰውም የማይበጅ መሆኑ ነው። ሱፍ ሽታውን ለዓመታት ይይዛል። ትነቱ ተመልሶ ደቃቅ ነጭ ክሪስታል ሆኖ ቁልፍና ጌጥ ላይ ይጋገራል። አንዳንድ የድሮ ፕላስቲክ ያለሰልሳል። በገበያ ካሉት ነጭ እንክብሎች ደግሞ አንዳንዶቹ ናፍታሊን ሳይሆኑ ፓራዳይክሎሮቤንዚን የተባለ ሌላ ኬሚካል ናቸው። ሁለቱ አንድ ሳጥን ውስጥ ከተገናኙ ቀልጠው ልብሱን ያቆሽሹታል። ዘንድሮ ከአንዱ ሱቅ፣ ለከርሞ ከሌላው ገዝቶ መደራረብ አደገኛ የሚሆነው ለዚህ ነው።

የጤናው ጉዳይ ይበልጥ ያሳስበኛል። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም ናፍታሊንን ካንሰር ሊያመጡ ይችላሉ ከሚባሉት መድቦታል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2008 ለብል መከላከያነት እንዳይሸጥ አግዷል። ጂ6ፒዲ የተባለ ኢንዛይም የሚያንሳቸው ሰዎች፣ በተለይ ጨቅላዎች፣ ትነቱን ሲስቡ ቀይ የደም ሴሎቻቸው ሊፈነዱ ይችላሉ። ከናፍታሊን ጋር በተቀመጠ ብርድ ልብስ የተጠቀለሉ ሕፃናት የታመሙበት ጊዜ አለ። ልጅ ደግሞ ነጭ እንክብል ሲያይ ከረሜላ ይመስለዋል። ልጅ ባለበት ቤት ፈጽሞ አልመክረውም።

ከዚህ በፊት የገባበት ልብስ ካላችሁ እንክብሎቹን አውጡና ልብሱን ጥላ ሥር ነፋስ በሚያገኘው ቦታ ለሳምንታት አናፍሱት። ሽቶ አትርጩበት።

የጥድ ሳጥን፣ ላቬንደርና መሰሎቻቸው

ስለነዚህ በአጭሩ ልበል። የጥድ ዘመዶች ዘይት በገና በተፈለፈለ እጭ ላይ ጥቂት ጉዳት ያደርሳል። ያደገውን እጭና እንቁላሉን ግን ብዙም አይነካም። ዘይቱም ከጥቂት ዓመታት በኋላ ተንኖ ያልቃል። የአያቶቻችን የጥድ ሳጥን ጥሩነቱ ጠንክሮ መዘጋቱ ላይ ነው። እንጨት ግን አሲድ ያለው ትነት ያወጣል፤ ጨርቅን ያቢጫል፣ ብረትን ያበላሻል። ሳጥኑን ከወደዳችሁት ውስጡን በታጠበ አቡጀዲ ሸፍኑት። ላቬንደር የተባለው አበባ ቢሸት ደስ ይላል፤ ከዚያ አያልፍም። ዘይቱን ልብሱ ላይ ጠብ ማድረግማ ነውር ነው፤ እድፉ አይለቅም።

ፀሐይና ብሩሽ

ምንም ወጪ የለውም። በሚገባ ከተሠራም ከናፍታሊን ይበልጣል። እጩ ብርሃንና ሙቀት ሲነካው ለቆ ይወድቃል። እንቁላሉም ለስለስ ባለ ብሩሽ ይረግፋል። ጸደይ ገብቶ ሰማዩ ሲጠራ ልብሱን አውጥታችሁ፣ ከውስጥ ወደ ውጭ ገልብጣችሁ፣ ስፌት ለስፌት ብሩሹ። ቫኪዩም ያለው ሰው አፉ ላይ መረብ ጨርቅ አስሮ በዝቅተኛ ኃይል ይሳብበት።

ድክመቱም አለ። ፀሐይ ቀለም ታጠፋለች፣ የሐር ገበርን ታደርቃለች። ስለዚህ ከአንድ ሰዓት በላይ አታስጡት፤ ቀሪውን ጥላ ሥር ይናፈስ። ደግሞ ስፌት ውስጥ ጠልቆ የገባውን አያገኘውም። ፀሐይና ብሩሽ ንጹሕ ልብስን ንጹሕ አድርጎ ለማቆየት ነው። ብል የገባበትን ለማዳን አይበቃም።

አንድ ጥንቃቄ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነትም በኮርያም የአሜሪካ ጦር ለቅማል መከላከያ ዲዲቲ ዱቄት ይጠቀም ነበር። ቃኘው ደግሞ በአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ሥር ሆኖ የአሜሪካን ትጥቅ የታጠቀ ነው። የዚያ ዘመን ልብስ ላይ ምን እንደተነፋበት አይታወቅም። ጓንትና የአፍ መሸፈኛ አድርጋችሁ ውጭ ብሩሹ።

ዲፕ ፍሪዘር

የኔ ምርጫ ይኸው ነው። ሙዚየሞችም አብዝተው የሚጠቀሙበት ነው። ኬሚካል የለውም፣ ሽታ አይተውም፣ እንቁላሉንም እጩንም ይገድላል። ከዜሮ በታች 30 ዲግሪ ላይ 3 ቀን ይበቃል። የቤት ዲፕ ፍሪዘር የሚደርሰው ከዜሮ በታች 18 አካባቢ ስለሆነ ሁለት ሳምንት ሙሉ ያስፈልገዋል። ከፍሪጅ በላይ ያለችው የበረዶ መሥሪያ ክፍል ለዚህ አትሆንም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ኒሻን፣ ባጅና ቆዳ ነክ ነገር የሚነቀል ከሆነ ንቀሉ። ልብሱ ፍጹም ደረቅ መሆኑን አረጋግጡ። በንጹሕ የጥጥ አንሶላ ጠቅልሉት። ከዚያ ወፍራም ላስቲክ ውስጥ ከትታችሁ አየሩን በእጅ ጨምቃችሁ አስወጡና በፕላስተር አሽጉ። ፍሪዘሩ ቀድሞ የቀዘቀዘ ይሁን፤ ብርዱ ቶሎ ሲይዘው ነው ብሉ ለመላመድ ጊዜ የሚያጣው። ውስጡ ቴርሞ ሜትር አስቀምጡ፤ በመደወያው ላይ ያለውን ቁጥር አትመኑ። ልብሶቹን ደግሞ አትጠቅጥቁ፤ መሃል ያለው ሳይቀዘቅዝ ይቀራል።

ሁለት ሳምንት ሲሞላ አውጡት፣ ግን አትክፈቱት። እንደታሸገ ቢያንስ ለ24 ሰዓት በቤት ሙቀት ይቆይ። ቀድማችሁ ከከፈታችሁት ከአየሩ የሚመጣው ጤዛ ሱፉ ላይ ያርፋል፤ ላስቲኩ ከተዘጋ ግን ጤዛው ውጭ ይቀራል። ከዚያ ብሩሹትና እንደገና ፈትሹት። ጉዳቱ የከፋ ከሆነ እኔ አንድ ዙር እደግማለሁ።

እኛ አገር ያለው ዋናው ፈተና መብራት ነው። ሲጠፋ ክዳኑን አትክፈቱ። ቴርሞ ሜትሩ ከዜሮ በታች 18 ለቆ ከወጣ ግን ቀኑን ከአንድ ጀምራችሁ ቁጠሩ። ሁለተኛው ፈተና ቦታ ነው። ጥሩው ጊዜ ዐቢይ ጾም ነው፤ ሥጋው ስለሚወጣ የብዙ ሰው ፍሪዘር ክፍት ይሆናል። ጄኔሬተር ያለው የሰፈር ሱቅ ባለቤት ወዳጅ ካላችሁም መለመን አያሳፍርም።

ፍሪዘር የማይወዱ ነገሮች አሉ። ኢናሜል ያለው ባጅ፣ የተቀባ ቆዳ፣ ላስቲክና የተሰነጠቀ የድሮ ፕላስቲክ ሊሰባበሩ ይችላሉ። አንድ ትልቅ ነገርም እንዳትዘነጉ። ፍሪዘር ይገድላል እንጂ አይከለክልም። ልብሱ ወጥቶ ያው የተበከለ ቁም ሳጥን ውስጥ ከገባ ብሉ እንደ አዲስ ይጀምረዋል።

ላውንደሪና ሙቀት

ደረቅ እጥበት ብሉንም እንቁላሉንም ይጨርሳል፤ ላቡንና ቅባቱንም ያወጣል። ላብ ያለበትን ሱፍ ብል አብልጦ ስለሚወድ ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። ግን የሚበጀው ጤነኛ ለሆነ ልብስ ነው። ብል ያሳሳው ሱፍ ማሽኑ ውስጥ ሲሽከረከር ይቀደዳል። የወርቅ ክር ጥልፍ ይጠቁራል፣ በእጅ የተጻፈ የባለቤቱ ስምና ቁጥር ሊለቅ ይችላል። ለሰብሳቢ ያ ጽሑፍ ከልብሱ ዋጋ ግማሹ ነው። ስለዚህ የተለመደ፣ ብዙ ቅጂ ያለው የ1960ዎቹ ሱሪ ከሆነ ስጡት። ታሪክ ያለውን ኮት አትስጡ።

ሙቀትም ይገድላል። ልብሱ ውስጡ ድረስ 55 ዲግሪ ከደረሰ ብሉ በሰዓታት ውስጥ ያልቃል። ሙዚየሞች ግን ይህን የሚያደርጉት እርጥበቱን በሚቆጣጠር ክፍል ነው። የባሕረ ሰላጤ አገሮች ያላችሁ ወገኖቼ በበጋ መኪና ውስጥ ብናስቀምጠውስ ልትሉ ትችላላችሁ። ሙቀቱ እኩል አይደርስም፤ ሱፉ ይደርቃል፣ የፕላስቲክ ቁልፍ ይጣመማል። እንደነዚህ ባሉ አገሮች ፍሪዘርም መብራትም ስላለ መኪናውን ተዉት። አሜሪካና አውሮፓ ያላችሁም በክረምት ጋራዥ ብርድ አትተማመኑ። ቀን ሞቅ፣ ሌሊት ቀዝቀዝ የሚል ብርድ ብሉን ያስተኛዋል እንጂ አይገድለውም።

የት ይቀመጥ?

እዚህ ላይ አራት ዕቃዎችን ላወዳድር።

አየር የሚመጥጠው ላስቲክ ቦታ ይቆጥባል፤ ለድሮ ዩኒፎርም ግን አልወደውም። የተጨመቀ ሱፍ መታጠፊያው ላይ ይሰበራል፣ ጥልፉ ይነሳል። አየር መምጠጥ ብቻውን ብሉን አይገድልም።

ዚፕ ያለው የጨርቅ ሽፋን ልብሱን ያስተነፍሳል፣ ከአቧራ ይጠብቃል። ይሁንና ገና የተፈለፈለ እጭ በዚፑ ጫፍ ያልፋል። በየጊዜው ለሚወጣና ለሚታይ ልብስ ይሁን።

የቆርቆሮ ሳጥን ብዙ ቤት አለ። በደንብ ከገጠመ ብል አያስገባም። ዝገቱ ግን ጨርቅ ላይ ያትማል፤ ውስጡን አቡጀዲ ካላለበሳችሁት አትጠቀሙበት።

የኔ ምርጫ ክዳኑ ጥብቅ የሆነ የፖሊፕሮፒሊን ፕላስቲክ ሳጥን ነው፤ ለምግብ የሚሆነው ዓይነት። ልብሱ አስቀድሞ በፍሪዘር አልፎ፣ በታጠበና ስታርች በወጣለት አቡጀዲ ተጠቅልሎ ይግባ። መታጠፊያዎቹ ውስጥ የተጠቀለለ ጨርቅ አድርጉ፤ መስመር አይዝም። ሳጥኑን የምትዘጉት ክረምቱ ካለፈ በኋላ፣ ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ደረቅ ወቅት ይሁን። በሐምሌ ከዘጋችሁት እርጥበቱን አብራችሁ ትቆልፋላችሁ፤ ብል ቢቀር ሻጋታ ይመጣል። እርጥበት የሚመጥጠውን ሲሊካ ጄል ጣል አድርጉበት። ሽታው የሚሰነፍጥ፣ የሚያጣብቅ ፕላስቲክ ግን ልብሱ አጠገብ አይድረስ። የላውንደሪውንም ስስ ላስቲክ ቤት እንደደረሳችሁ አውልቁ።

ኒሻኖች ለብቻቸው ይቀመጡ። ከሱፍ የሚወጣ ድኝ ብርን ያጠቁራል። ናስ ደግሞ ቆዳ ሲነካ አረንጓዴ ዝገት ያወጣል።

ወጥመድና ስፕሬይ

የሚያጣብቀው ወጥመድ የሴቷን ጠረን ይዞ ወንዱን ይጠራል። ወንዱ ቢያዝም ያረገዘችው እንቁላል መጣሏን አትተውም፤ እጩም መብላቱን ይቀጥላል። ለመከታተል ግን ወደር የለውም። ቁም ሳጥን ውስጥ አንድ አድርጉና በየወሩ እዩት። ቁጥሩ ድንገት ሲጨምር ልብሶቹን የምትፈትሹበት ጊዜ ደርሷል።

የነፍሳት ማጥፊያ ስፕሬይ ልብሱ ላይ በቀጥታ አይረጭ። ያቆሽሻል፣ ሰው የሚነካውንም ጨርቅ ይመርዛል። ባዶ የተደረገውን ቁም ሳጥን ስንጥቅ ግን ማከም ይቻላል። ከዚያም በፊት ጠርጎ ማጽዳት ይቀድማል። የሱፍ ምንጣፍ ሥር፣ የድመት ፀጉር የተከማቸበት ጥግ፣ ጣሪያ ሥር ያለ የርግብ ጎጆ፤ የብል ምንጩ ብዙ ጊዜ እነዚህ ናቸው።

እናንተስ የቱን ትመርጣላችሁ?

አንድ የቤተሰብ ኮት ብቻ ካላችሁና ፍሪዘር ከሌላችሁ፣ በዓመት ሁለት ጊዜ ማናፈስና መቦረሽ፣ ከዚያም በጥብቅ ሳጥን ማስቀመጥ ይበቃችኋል። ዋናው ሳትረሱ ማድረጋችሁ ነው። ብል ካያችሁ ግን ፍሪዘር ፈልጉ፤ ሌላ አቋራጭ የለም።

ሰብሳቢ ከሆናችሁ አንድ ሕግ ይኑራችሁ። አዲስ የተገዛ ነገር፣ ከሰልባጅ የወጣም ይሁን ከትልቅ ሰው ቤት፣ መጀመሪያ ታሽጎ ለብቻው ይቀመጥ፣ በፍሪዘር ይለፍ፣ ከዚያ ከሌሎቹ ጋር ይቀላቀል። የአንድ ኮት ቸልታ ስብስቡን ሁሉ ያስበላል።

የተበላውን ቀዳዳ ለማስጠገን አትቸኩሉ። የተለጠፈ አዲስ ጨርቅ የልብሱን ዋጋም ታሪክም ይቀንሳል። ፎቶ አንሱት፣ የወደቀውን ቁራጭ በትንሽ ፖስታ አስቀምጡ።

የአንበሳ ጎፈር ያለው ባርኔጣ ካላችሁ ደግሞ በራሳችሁ አትሞክሩት። ጎፈሩ የሚነቀል ከሆነ ለብቻው ፍሪዘር ይችላል። ከተሰፋበት ግን የባርኔጣው ቀለምና ሙጫ ይሰነጠቃል። በላስቲክ አሽጋችሁ ከሌሎች ልብሶች ለዩት፣ ፎቶውን ይዛችሁም ስድስት ኪሎ የሚገኘውን የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ባለሙያዎች አማክሩ።